የእትዬ የብርጓል ሦስት ደቂቃ

እትዬ የብርጓልን አንቱ ያልኋት ቀን ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከኋላዋ ትልቅ ሰው የቆመ መስሏት ነበር። ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ «እኔን ነው?» አለችና ሳቀች። ባሏን ሣህሉንም ከቤት ጠርታ «ና ስማ፣ አንቱ ተባልሁልህ» አለችው። እሷ በኖረችበት አገር አዝማሪን አንቱ የሚል ሰው አልነበረም። ያን ዕለት አንቺ እንድላት አስማለችኝ፤ አንቱ ስትባል ግጥሙ ሁሉ የሚጠፋባት ይመስላታል።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። በመምህርነት ባሕር ዳር ተመድቤ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ቀበሌው አንዲት ክፍል ሰጥቶኝ ነበር። በአንድ ግድግዳ የምንለያየው ጎረቤቶቼ የብርጓልና ሣህሉ ናቸው። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ማሲንቆ ይመታል። የሥራ ቦታቸው ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ አድርጋ እስከ ደልጊ ሰውና ዕቃ የምታመላልሰው ጀልባ ናት።

ጀልባዋ ቀርፋፋ ናት። ዘጌ እስክትደርስ ሰው አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ይነቃል፤ ደልጊ ለመድረስማ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ቡና የጫነውም፣ ፍየል ያሰረውም፣ ዓሣ ሸጦ የሚመለሰውም ባልና ሚስቱን ከቦ ይቀመጣል። ሣህሉ ማሲንቆውን ይቃኛል። የብርጓል ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ይኼኔ አንዱ መንገደኛ «ተቀበይ!» ይላል።

ተቀበይ ያለ ሰው የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪዋ ደግሞ ግጥሙን ተቀብላ በዜማ ታወጣዋለች። ግጥሙ ቢያምርም ባያምርም፣ ቢያሞግስም ቢሳደብም አልቀበልም ማለት የለም። ሰው ግጥሙን ሲሰጥ ሣህሉ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ከፍ ያደርገዋል። የብርጓልም አንዲት ቃል ሳትጥል ትመልሳለች። አንድ ቀን አንድ የፍየል ነጋዴ እንዲህ ብሎ ሰጣት፦

ዓይንህን ግለጠው አንተ ካፒቴኑ፣
ደሴት ያልኸው ሁሉ ጉማሬ ነው ጎኑ።

እሷም ተቀበለች። ካፒቴኑ ሰማና ሞተሩን አጠፋ። የሚያሞግሰው ግጥም እስኪሰጥ ድረስም ዘጌ ፊት ለፊት አቁሟቸው ዋለ። ነጋዴው በግድ አንድ ሙገሳ አዋጥቶ ነው ጀልባዋ የተነሣችው። ሁሉም በነጋዴው ተቆጣ፤ በየብርጓል የተቆጣ ግን አልነበረም። የሰጧትን ነው የዘፈነችው።

ሃያ ዓመት የሰጧትን ስትዘፍን ኖራለች። ከዚህ ሁሉ መሀል ግን የራሷ የሆነ አንድ ዘፈን ነበራት። የተወለደችው አንበሳሜ ነው፤ ሣህሉን አግብታ በበቅሎ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ጣናን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ያን ሳምንት ለራሷ ሁለት ጥንድ ስንኝ ሠራች፤ ሦስተኛውን በጀልባ ስትመላለስ ኖራ በቅርቡ ጨመረችበት። የመጀመሪያው ጥንድ ይኸውላችሁ፦

ጣናን ያየሁ ዕለት ከበቅሎዬ ሳልወርድ፣
ሰማይ ወድቋል ብዬ ሰው ጠራሁ ከመንገድ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁለቱን የሰማ ሰው አልነበረም፤ ሳትደብቃቸው ተደብቀው ቀሩ። ጀልባ ላይ ስትጀምረው ገና «ከመንገድ» ከማለቷ «ተቀበይ!» ይመጣል። ሠርግ ቤት ሞከረችው፤ የሙሽራው አጎት ተቀበይ አለ። ክርስትና ላይ ሞከረችው፤ የክርስትና አባትየው ተቀበይ አለ። አንድ እሑድ ለእኔ ልታሰማኝ ቤቴ መጥታ ጀመረች፤ ከወዲያኛው ግድግዳ ያለው ጎረቤታችን «ተቀበይ!» ብሎ ጮኸ፤ ስለ ቤት ጣሪያው ማፍሰስ አራት ስንኝ ሰጠ። እሷም በግድግዳው በኩል ተቀበለችው።

ለብቻዋ ለምን እንደማትዘፍነው ጠየቅኋት። ሰው ያልሰማው ዘፈን እንዳልተዘፈነ የሚቆጠር መሆኑን አስረዳችኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዴት እንዳልነገሩኝም ገረማት።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ አንድ ደብዳቤ ወደ ቀበሌያችን ደረሰ። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ የወዳጅ አገሮች የዘፈን ውድድር ይደረጋል። እያንዳንዱ አገር አንድ ዘፈን ይልካል። የእኛ አገር ዘፈን የሚመረጠው ደግሞ ከታች ጀምሮ ነው፤ ከየቀበሌው ወደ አውራጃ፣ ከየአውራጃው ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ባሕር። ደብዳቤውን በስብሰባ ያነበበልን የቀበሌው የኪነት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ነው።

ጓድ ደሞዝ መልካም ሰው ነው፤ ችግሩ ግጥም መውደዱ ነው። ለስብሰባ ጥሪ ሳይቀር ቤት ይመታል። በጽዳት ዘመቻ ቀን ያወጣውን ማስታወቂያ ተማሪዎቼ እስክስታ ሲወርዱበት አይቻለሁ።

ስብሰባው ላይ ውድድሩ በውሃ ይደረስበት እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ጠየቁ። ጓድ ደሞዝ በአውሮፕላን ነው ሲላቸው፣ ለባሕር ውድድር በአየር መሄድ የአዲስ አበባ ሰው ሥራ መሆኑን ተናግረው ተቀመጡ። ቀጥሎ ጓድ ደሞዝ የውድድሩን ደንብ ዘረዘረ። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አያንስም፣ ከአራት አይበልጥም። ግጥሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል። ዘፋኙ ሲዘፍን ከተመልካች በኩል ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።

የብርጓል ከኋላ ተነሥታ ቆመች። በስብሰባ ላይ ስትናገር አይቻት አላውቅም ነበር።

«ማንም አይናገርም?» አለች።

«ማንም» አለ ጓድ ደሞዝ።

«ተቀበይ የሚል የለም?»

«የለም አልሁሽ። ደንብ ነው።»

«አንተም ብትሆን?»

ሰው ሳቀ። ጓድ ደሞዝ ሳይስቅ፣ እሱም ቢሆን መናገር እንደማይችል አረጋገጠላት። እሷም ስሟ እንዲመዘገብ ጠየቀች።

ቤት ስንመለስ ሣህሉ በድንጋጤ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር። ብትመረጥ አውሮፕላን ላይ መውጣት ሊመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጀልባዋ ፎቅ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ግን ስለ አውሮፕላኑም፣ ስለዚያ ባሕርም፣ ስለ ሽልማቱም አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዝም የሚላት ሕዝብ ተገኝቷል፤ እሷ የሰማችው ይህን ብቻ ነው። «ሁለተኛውን እዘፍናለሁ፣ ሦስተኛውንም እዘፍናለሁ፣ ከዚያ እወርዳለሁ» አለችው።

ግጥሟን እየነገረችኝ በሦስት ቅጂ ጻፍሁላት። በማግሥቱ ወደ ጓድ ደሞዝ ይዘነው ሄድን። ሁለቴ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። ግጥሙ እንደማይከፋ፣ ነገር ግን ውስጡ ሰማይ፣ በቅሎና አማት እንጂ ሌላ እንደሌለ ገለጸልን። የገበሬው ማኅበር የታለ? የሴቶቹ የታለ? የወጣቱ የታለ? የወዳጅ አገሮች ሰዎች ይህን ሰምተው እኛ በበቅሎ ከመሄድ በቀር ምንም የማንሠራ ሊመስላቸው ነው። ደግሞም አጭር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው፣ ማለት እሱ፣ ስምንት ጥንድ ጨመረበት። መነሻው ይህ ነበር፦

ባንድነት ተነሥተን በማኅበር ስንሠራ፣
ምርት ይታረሳል ከሜዳ ተራራ።

የብርጓል ምርት የሚታጨድ እንጂ የሚታረስ አለመሆኑን በትሕትና አስታወሰች። ጓድ ደሞዝ ወረቀቱ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን አሳያት። እሷም እሽ አለች። ሃያ ዓመት የተሰጣትን የተቀበለች ሰው ስምንት ጥንድ አይከብዳትም። የከበዳት አሰላለፉ ነበር፤ የኮሚቴው ግጥም መጀመሪያ፣ የእሷ መጨረሻ ላይ «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ላይ ቆማ ለመነችው። የእሷን አስቀድማ የእሱን ብታስከትል ምን ይጎዳል? ጓድ ደሞዝ ግን አብዮት ከበቅሎ ኋላ እንደማይሄድ ነገራትና ጉዳዩን ዘጋ።

የኮሚቴውን ግጥም ብቻ ሲለማመዱ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ የራሷን ለመድረኩ ቀን አስቀመጠችው። የእሷ በግምት ሲደመርበት ሦስት ደቂቃ ከግማሽ ሆነ። ጓድ ደሞዝ ሁለቱን የኪነት ቡድኑን ካኪ አለበሳቸው፤ የሣህሉ ሱሪ እግሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠቀለለ። ማሲንቆውም እነሱን ይምሰል ተብሎ ቆዳው ላይ ከቀይ ወረቀት የተቆረጠ ኮከብ ተለጠፈበት። ሙጫው ሲደርቅ ማሲንቆው እንደ ጉንፋናም ሰው ማንኮራፋት ጀመረ። ሣህሉ ከኮከቡ ሁለቱን ጫፎች በጥፍሩ ፋቀ፤ በሦስት ጫፍ ድምፁ ደህና ሆነለት።

የአውራጃው ውድድር ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የከተማው አዳራሽ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ የመጡት ሦስት ዳኞች ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ይዘዋል። ሰብሳቢያቸው አቶ አስናቀ የሚባል ወፍራም ሰው ነው፤ እጁ ላይ የስፖርት ሰዓት አለ፣ ዘፈን ሲጀመር ይጫነዋል፣ ሲያልቅ ይጫነዋል። ከፋብሪካ የመጡ ጊታር የያዙ ልጆች ሦስት ደቂቃ ከአርባ ዘፍነው ወረዱ። ሕዝቡ በደንቡ መሠረት ድምፅ አላሰማም። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ዝም ማለት እያስጨነቃቸው ላብ ሲያወጡ አያለሁ።

የብርጓልና ሣህሉ ወጡ። አቶ አስናቀ ሰዓቱን ተጫነ። ማሲንቆው ዜማውን አንድ ዙር ሄደበት። የብርጓል ወደ ሕዝቡ አየች። እንዲህ ዝም ያለ ሕዝብ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ኋላ እንደነገረችኝ የኮሚቴውን መጀመሪያ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ያን ዝምታ ስታይ ግን ለምርት ማባከኑ አሳዘናት። «ጣናን ያየሁ ዕለት ከበቅሎዬ ሳልወርድ» ብላ ጀመረች።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ጓድ ደሞዝ ክው አለ። ግጥሙ የጠፋባት መሰለው። ሊረዳት ነው፤ በመጀመሪያ በከንፈሩ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ ስላልሰማችው በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባንድነት ተነሥተን በማኅበር ስንሠራ!» አለ።

ሣህሉ ሰው ግጥም ሲሰጥ ሰማ። እጁ ደንብ አያውቅም፤ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገው። ማሲንቆው ዝቅ ሲል ደግሞ የየብርጓል አፍ በራሱ ይከፈታል። «ባንድነት ተነሥተን» ብላ ተቀበለች፤ ምርቱንም ከሜዳ እስከ ተራራ አረሰችው።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩ ግጥም መስጠቱን አየ። ሊቀመንበሩ ከሰጠ ተፈቅዷል ማለት ነው። ከመስኮት ላይ አንዱ «ተቀበይ!» አለ፤

ከሸገር የመጣህ ሰዓት የጨበጥኸው፣
ዘፈን እንደ እንቁላል በሰዓት ቀቀልኸው።

ተቀበለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፈው አልችልም። የገበያ ሰው ሰጠ፣ መምህራን ሰጡ፣ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ስለ ብስክሌቶች ሰጠ፣ ጊታር የያዙት ልጆች ሳይቀሩ ከመድረኩ ጎን ሆነው ሰጡ። ከዳኞቹ አንዷ ሴት በመሐረብ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። ጓድ ደሞዝ ቆሞ «ጸጥታ!» እያለ ይለምናል፤ ሣህሉ የእሱንም ልመና ግጥም መስሎት ማሲንቆውን ዝቅ ያደርግለታል። አቶ አስናቀ ጠረጴዛውን በመዳፉ ደጋግሞ ሲመታ ሰዓቱ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሞልቶ ነበር።

ጸጥታ ወረደ። የብርጓል መድረኩ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ፊቷን አየሁት፤ ስትስቅ ቆይታ ልታለቅስ የደረሰች ልጅ ትመስል ነበር። ይህን ያህል ዘፍና እንኳ ከበቅሎው ሳትወርድ ቀረች።

አቶ አስናቀ ከሁለቱ ዳኞች ጋር ተነጋገረ። ጥፋቱ የሕዝቡ እንጂ የዘፋኟ ስላልሆነ አንድ ጊዜ እንድትደግም ተፈቅዶላታል። አሁን ግን የሚያስነጥስ ሰው እንኳ ቢኖር ወደ ውጭ ይወጣል። ጓድ ደሞዝ ጥፋቱን ሊያካክስ ወደ መድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እንደ ዘብ ቆመ። እያንዳንዳችንን በተራ አፈጠጠብን።

ማሲንቆው ጀመረ። እሷም ከራሷ ጀመረች፤ በቅሎዋን፣ የወደቀውን ሰማይ፣ መንገድ ላይ የተጠራውን ሰው። ቀጥላም በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም በዜማ ያልሰማውን አወጣች፦

አማቴ ሳቁብኝ፣ ባሌም ሳቀ አብሮ፣
ውሃ ነው ይሉኛል፣ ማን አምኖ ዘንድሮ።

ሣህሉ ቀና ብሎ አያት። ሃያ ዓመት አብሯት ሲኖር ስለ ሳቀባት ዘፈን እንዳላት አያውቅም ነበር። ደንግጦ ይሁን ልማድ ሆኖበት ማሲንቆውን ዝቅ አደረገው፤ እንደ ንብ ድምፅ ብቻ ቀረ። ያ ድምፅ ግጥም የሚሰጥ ሰው ይጠራል። ጓድ ደሞዝ ጀርባውን እንደሰጠ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየነው። ታገለ፤ እውነቴን ነው፣ ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ሳይዞር፣ በቀስታ «ባንድነት ተነሥተን» አለ።

የብርጓል አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«አልቀበልም ጓድ» አለች።

በዜማ አልነበረም፤ ከሱቅ በራፍ ላይ «አልገዛም» እንደሚባል ሆኖ ነው የወጣው። መስኮት ላይ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አዝማሪ እንዲህ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ራሷ የሰማችው ያኔ ይመስለኛል፣ እጇን ወደ አፏ ወስዳ ነበርና። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ በአገጯ አመለከተችው፤ ማሲንቆው ከፍ አለ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ተመላለስሁበት፣
ያመው ይሆን ብዬ ቀስ ብዬ ሄድሁበት።

ጨረሰች። እጅ ነሥታ ቆመች። አቶ አስናቀ ሰዓቱን ተጫነ፣ አየው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠው።

«አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ» አለ። «ሌላ የለውም?»

«የለውም ጌታዬ።»

«የኮሚቴው ግጥም አለ እኮ፣ እዚህ ተጽፏል።»

«እሱ የኮሚቴው ነው» አለች የብርጓል።

አቶ አስናቀ ወረቀቱን ገለበጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚለምን ሰው፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ብትዘፍነው ደንቡ እንደሚሞላ ነገራት። መምረጥ የፈለገ ይመስል ነበር። እሷም አሰበችበት። ከጨረሱ በኋላ እንደገና ለመጀመር ምክንያት እንዳጣችለት፣ አንዴ ከሰሙት እንደሚበቃት ነገረችውና አመስግና ወረደች። ሣህሉ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ተከተላት። አቶ አስናቀ ወረቀቱ ላይ ረጅም ነገር የሚጽፍ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስናየው «አጭር» የሚል አንድ ቃል ነው።

ጊታር የያዙት ልጆች ተመረጡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ ሌሎች ተመረጡ። ወደ ጥቁር ባሕር የሄደው ዘፈን እዚያ ስንተኛ እንደወጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ጓድ ደሞዝ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ ጠይቋል፤ በግጥም ስለጻፈው ይሆናል መልስ ያላገኘው።

ቀበሌው በጉዳዩ ላይ ስብሰባ ጠራ። የብርጓል ጥፋቷን በራሷ አንደበት እንድትናገር ታዘዘች። ተነሥታ ጥፋቷ ዘፈኗ ማጠሩ መሆኑን አመነች፤ ስትጀምረው ገና ሙሽራ ስለነበረች ብዙ የምትለው ነገር እንዳልነበራት ገለጸች። ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነኝ፤ እንዳለችው ጻፍሁት። ጓድ ደሞዝም ተነሥቶ፣ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ያሰማው ከግጥም ፍቅር የተነሣ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና ሌላ ነገር አለ፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ግን አላስገባሁትም። «ያ ሦስተኛው… ያመው ይሆን ያልሽው። እኔ ብሠራው ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የብርጓል ዘፈኑን አልደገመችውም። ወደ ጀልባዋ ተመለሰች፤ የሰጧትንም መቀበል ቀጠለች። አንድ ጊዜ ተዘፍኗል፣ በቃ። እኔ ግን ከልቤ አልወጣልኝም። ተማሪዎቼን ፈተና አስፈትኜ ሰኔ ላይ ወደ ደልጊ ስሄድ፣ በዚያው ጀልባ ከባልና ሚስቱ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ምናልባት መሀል ሐይቅ ላይ ብለምናት ብዬ ነበር።

ዘጌን እንዳለፍን ቡርሀን የሚባል የደልጊ ዓሣ ነጋዴ፣ ጫማውን አውልቆ ቅርጫቱ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ «ተቀበይ!» አለ። ሣህሉ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገ። ቡርሀን ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ሰጠ፦

ሃያ ዓመት ሙሉ ተመላለስሁበት፣
ያመው ይሆን ብዬ ባዶ እግሬን ሄድሁበት።

እኔ ከተቀመጥሁበት ልነሣ ምንም አልቀረኝ። ሣህሉ ደጋኑን አየር ላይ ይዞ ቀረ። የብርጓል ግን እንደ ማንኛውም ግጥም ተቀበለችው፤ «ባዶ እግሬን» የምትለውን እንዲያውም ሁለቴ ደገመቻት።

ከዘጌ የተሳፈረች የሺመቤት የምትባል ቡና ሻጭ ተቆጣች። ይህ የዘጌ ግጥም መሆኑን፣ የአጎቷ ልጅ እንደሠራው፣ ፋሲካ ላይ ሁሉም ሲለው እንደነበር ተናገረች። ቡርሀን መሐላውን አወረደ፤ ታንኳ ላይ ሆኖ ራሱ እንደሠራው፣ ሚስቱ ሸሪፋም ምስክሩ እንደሆነች ነገራት። የሺመቤት ሚስት ለባሏ መመስከር እንደማትችል ገለጸችለት። ጀልባዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ዘጌ በግራ፣ ደልጊ በቀኝ። ነገሩ እየጋለ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ መሀል ገቡና ዳኛው እዚሁ ያለ መሆኑን አስታወሱ። ዘፈን ሥራዋ የሆነች ሴት ተቀምጣ እኛ ምን ያጨቃጭቀናል?

ሁሉም ወደ የብርጓል ዞረ። እኔም ዞርሁ። አሁን ትናገራለች ብዬ እጄን ጨብጬ ያዝሁ፤ ካልተናገረችም እኔ ልናገርላት ወስኜ ነበር።

የብርጓል የዳኝነት ወግ ይዛ ተቀመጠች። የሺመቤት የአጎቷን ልጅ ግጥም እንድትል አዘዘቻት። የሺመቤት አለችው፤ «ቀስ ብዬ ሄድሁበት» የሚለው ነው። ቡርሀንም የእሱን ደገመ። ሁለቱን ከሰማች በኋላ ዓይኗን ወደ ውሃው አዞረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱን ቃላት እየመዘነች ነበር።

«የቡርሀን ነው» አለች።

ደልጊ በእልልታ ተቀበለው። የሺመቤት ዳኝነቱ በዓሣ የተገዛ መሆኑን እየተናገረች ጀርባዋን አዞረች። ሣህሉ ወደ ሚስቱ ጆሮ ተጠግቶ፣ እኔ ግን በደንብ በምሰማው ድምፅ፣ «አንች፣ ያንችው አይደለም ወይ?» አላት።

«እሱማ ነው» አለችው። «ግን ሰማኸው ያለውን? ባዶ እግሬን አለ እኮ፤ ከኔው በለጠ። እኔ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ሃያ ዓመት።» እግሯን ከጫማዋ አውጥታ የጀልባዋን ወለል በጣቶቿ ነካ ነካ አደረገችው። እኔም የጨበጥሁትን እጄን ፈታሁ።

ቡርሀን ከድሉ በኋላ ጉልበት አግኝቶ ሁለተኛውን ሊሰጥ ተነሥቶ ቆሟል። የብርጓል ሣህሉን በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ማሲንቆውም ዝቅ አለ።